አስካለ ያጠራችው ፊት

የአስካለን ሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ የሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ የካሜራ ቦርሳዬን ታቅፌ ተጣብቄ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ። የድሮ አሠሪያችን ጋሽ ግርማ ነበር። «ሳሚ፣ አልሰማህም አይደል? አስካለ አርፋለች። ትናንት ሆሳዕና ከተማ ተቀብራለች» አለኝ። ስኳሩ ነው፣ በኋላም ኩላሊቷ ነው እያለ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ወራጅ አለ ማለቱን ረስቼ ከመውረጃዬ አልፌ ሄድኩ።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ይሆናል። አስካለ ክፉ አልነበረችም፤ ግን እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ደግነቷ አይደለም። ነጭናጫ ነበረች። ሻይዋ ከቀዘቀዘ ትነጫነጫለች፣ ወንበሯን ሰው ከነካባት ትነጫነጫለች፣ እኔ ያነሳሁት ቪዲዮ ከተንቀጠቀጠማ ቀኑን ሙሉ ትቀልድብኛለች። «ሳሚ፣ ይሄን ስታነሳ ከኋላህ ውሻ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። ከዚያ ሥራ ሲያስደስታት ብቻ፣ ሳይታወቃት፣ ከቤተ ክርስቲያኗ የለመደችውን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። እንጉርጉሮዋን ከሰማን ቢሮው ውስጥ ሁላችንም እፎይ እንላለን።

መካኒሳ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ቤት ውስጥ ነው የተዋወቅነው። እኔ ካሜራማን ነኝ፣ እሷ ኤዲተር። ካገር ቤት የመጣችው በልጅነቷ ቢሆንም ሲደክማት አማርኛዋ ወደ ሀዲያ ያዘነብላል። አላገባችም። «የሰው ሠርግ እያየሁ ጠገብኩ» ትላለች፤ ለመሳቅ ይሁን ለማዘን አይታወቅም።

ጋሽ ግርማ እሷን የቀጠራት ለአንድ በሽታችን መድኃኒት እንድትሆን ነው ማለት ይቻላል። ተራ ቪዲዮ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ሥዕል ያነሳል። ሙሽራዋ ቬሏን እያስጎተተች ስትገባ፣ አበባው ሲበተን፣ በዝግታ እንዲታይ ሲፈለግ ግን ካሜራውን በሰከንድ መቶ ሃያ ሥዕል አንሣ እንለዋለን። ያነሳል። ግን ብዛት ሲጠየቅ ጥራት ይሰስታል። የእኛዎቹ ካሜራዎች ደግሞ ርካሾች ስለነበሩ ስሎው ሞሽኑ ላይ ስንደርስ ሥዕሉ ወዲያው ይደበዝዝና አሸዋ የተነፋበት ይመስላል። በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ሰው በጣም የሚጓጓለት ቦታ ላይ በጣም የደበዘዘው ሥዕል ይመጣል ማለት ነው።

አስካለ ይሄን የምታክመው በራሷ መንገድ ነበር። ተከታትለው የተነሱትን ጥቂት ሥዕሎች ትወስድና አንዱን በሌላው ላይ ትደራርባቸዋለች። አሸዋው በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ቦታውን ስለሚቀያይር ሲደራረብ ይጠፋል፤ ፊቱ ግን ቦታው ላይ ስለሆነ ይቀራል። «እውነት የሆነ ነገር ቦታውን አይለቅም» ትል ነበር። ከዚያ ዓይንና ቅንድብ ላይ ብቻ ትንሽ ሻርፕ ታደርጋለች፣ መስመሩን ታጎላለች፤ ጉንጭ አትነካም። ስሎው ሞሽኑን ከጥርት ያለ ሥዕል አጠገብም አትሰካውም። መሐል ላይ ትንሽ ጭስ ያለበት ወይም ፀሐይ የወጋው ሥዕል ታስገባለች። ዓይን ሁለቱን ጎን ለጎን ካላገኘ ደብዛዛነቱን አያስተውልም ነበር የምትለው። በመጨረሻ ተነስታ ኋሊት እየተራመደች እስከ በሩ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ከዚያ ርቀት ታየዋለች። «ሰው ሠርጉን ቴሌቪዥኑ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ አያይም» ብላ ትመለሳለች።

ሁሉን የምታደርገው ግን ካሜራው ካየው ነገር ላይ ነው። ሙሽራ አቅሉልኝ ስትል አታቀላም፤ እሱን ጋሽ ግርማ ራሱ ተቀምጦ ይሠራዋል። አንድ ጊዜ ሌላው ካሜራማናችን ቀለበቱ ሲጠለቅ ባትሪ አልቆበት አመለጠው። ጋሽ ግርማ ከሌላ ሠርግ የሌሎች ሙሽሮች እጅ ተቆርጦ ይግባ አለ።

«ማን ያውቀዋል?» አላት።

«እናቷ» አለች አስካለ።

ሳቀባትና ራሱ አስገባው። ቪዲዮው ከተወሰደ ከሳምንት በኋላ የሙሽራዋ እናት ፎቁን ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተው መጡ። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄ የልጄ እጅ አይደለም» ብቻ አሉ። ጋሽ ግርማ መሬት ብትውጠው ይመርጥ ነበር። አስካለ አልተመጻደቀችበትም፤ ለሴትየዋ ውኃ ቀዳችላቸው፣ ወንበሯንም ለቀቀችላቸው። ወንበሯን ለሰው ስትለቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

በኋላ ደግሞ አዲስ ሶፍትዌር መጣ። ደብዛዛ ፊት ትሰጠዋለህ፣ ቅንድቡ አንድ በአንድ የሚቆጠር ፊት ይመልስልሃል። እኛ ጉድ አልን። አስካለ ለጥቂት ቀን ሞከረችውና ለአበባ፣ ለቀሚስ ጥልፍ፣ ለዛፍ ቅጠል ትጠቀምበት ጀመር፤ ለፊት ግን እምቢ አለች። «ይሄ አያጠራም፣ ይገምታል» አለችኝ። «ብዙ ሰው አይቷል። ያልታየውን ቦታ ካያቸው ሰዎች ፊት እየለቀመ ይሞላዋል። ቀሚስ ላይ ቢሳሳት ቀሚስ ነው።»

እዚህ ድረስ ያለውን ለማንም ሳወራው ቀላል ነው። የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አቶ ቶሎሳ የሚባሉ የላፍቶ ሰው ወደ ቢሮው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቁጭ በሉ ብንላቸውም ቆመው ነው የነገሩን። የእህታቸው ልጅ ገመቹ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ደውሎ ነገራቸው። አስከሬን አልተገኘም። እናቱ ገና አልሰሙም፤ መርዶው ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ገብቶ ይነገራቸዋል። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ እሳቸው ብቻ አያውቁም፤ ያገሩ ወግ ነው።

«ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ የለንም» አሉ። ስልኩ ከነፎቶው አብሮት ሄዷል። ቤት ያለችው የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፎቶ ናት፤ ልጁ ሲሄድ ግን ጢም ያወጣ ጎረምሳ ነበር። ከዚያ የጎረቤታቸውን ልጅ ሠርግ እኛ እንዳነሳን አስታወሱ። ገመቹ እዚያ ሠርግ ላይ ነበረ።

ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ ሃርድ ዲስኩን ፈልጌ አወጣሁት። አገኘነው። ሙሽራዋ ስትገባ በስሎው ሞሽን ያነሳሁት ላይ፣ ከትከሻዋ ኋላ፣ አንድ ረዥም ልጅ እያጨበጨበ ይጨፍራል። እየሳቀ ነው። ካሜራው የሚያየው ሙሽራዋን ስለሆነ እሱ ደብዝዟል፤ ፊቱም ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አቶ ቶሎሳ ሲያዩት ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

አስካለ ቁጭ አለች። ስትደራርብ፣ ስታስተካክል፣ እንደገና ስትደራርብ ከሰዓቱ አለቀ። አላንጎራጎረችም። በመጨረሻ ለስላሳ፣ ትንሽ የጨለመ፣ ግን የሰው የሆነ ፊት ወጣ። እኔ በሩ ላይ ሄጄ አየሁትና ልጁን ከሠርጉ አስታወስኩት። አቶ ቶሎሳ ግን በሩ ላይ አልሄዱም። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ጥላ ነው» አሉ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። አስከሬን የለን፣ መቃብር የለን። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ጥላ ልስቀል?»

አስካለ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ፎቶው የሚታተምበት ባነር በር የሚያህል ነው፤ ያ ፊት እዚያ ላይ ሲለጠጥ ምን እንደሚሆን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ጋሽ ግርማ ከኋላዋ ቆሞ «አስካለ፣ በእግዜር፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው» እያለ ይጎተጉታታል። እሷ ወደ አቶ ቶሎሳ ዞረች።

«እናቱን አንዴ ብቻ መጠየቅ ብንችል።»

«እህቴ አሁን ጓሮ ቁጭ ብላ ጎመን እየቀነጠሰች ነው» አሉ። «ምን ብዬ ልጠይቃት?»

ግንባሯን በመዳፏ ደገፈች። ስትጸልይ እንደዚያ ነው የምትሆነው። ከዚያ ያንን ሶፍትዌር ከፈተችው። ብዙም አልቆየ፣ ፊቱ ወጣ፤ ብሩህ ዓይን፣ የተስተካከለ ቅንድብ፣ ሲስቅ የሚያበራ ጥርስ። አስካለ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ዓይኑ እንዲህ ነበር? አፍንጫው? ጥርሱስ? አቶ ቶሎሳ እያለቀሱ ስለነበር የሚያዩት እንባቸውን ነው። «እሱ ነው፣ ራሱ ነው፣ ጌታ ይስጥሽ» እያሉ ትከሻዋን ሳሙት። እኔም እሱ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ እኔና አስካለ ላፍቶ ሄድን። የገመቹ ቤተሰብ የእርሻ መሬት ሄዶ ኮንዶሚኒየም ቢከበውም ግቢው እንደ ድሮው ነው፤ ሁለት ላም፣ የሣር ክምር፣ በቆርቆሮ የተከለለ ጓሮ። እናትየውን ሰፈሩ በኦሮምኛ አክብሮ አዴ ዲሪቤ ነው የሚላቸው። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ያንን ጩኸት መጻፍ አልችልም፤ ብችልም አልጽፈውም።

ድንኳኑ ሲተከልና ባነሩ ሲሰቀል ሴቶች ደግፈው አመጧቸው። ደረታቸውን እየደቁ መጡና ከፎቶው ፊት ሲደርሱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ፍንጭቱስ?» አሉ።

ማንንም አልጠየቁም። «ልጄ ፍንጭት አለው እኮ» አሉ፣ በዝግታ፣ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው። ከኋላ ያሉት ሴቶች ግን ሙሾውን አነሱት፣ አንዲት እህታቸውም አቅፋ ወደ ውስጥ ጎተተቻቸው። ከለቀስተኛው የሰማቸው ያለ አይመስለኝም። አስካለ ግን አጠገቤ ቆማ ነበር። የጃኬቴን እጅጌ ያዘችና እስክንወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።

ቢሮ እንደገባን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ያንን የሠርግ ቪዲዮ ከፈተችው። በዋዜማው ከሰዓቱን ሙሉ የሠራችው ቆመው በሚታዩ ሥዕሎች ላይ ነበር። አሁን አስኬደችው። ቆሞ ሲታይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቹ መካከል ያለው ጥቁር መስመር የካሜራው ቆሻሻ ይመስላል። ሲንቀሳቀስ ግን መስመሩ ከልጁ ጋር ይዞራል፣ ከልጁ ጋር ይስቃል። ፍንጭት ነው። ደግሞ እንዴት ያለ ፍንጭት! እኛ አገር ስንቱ ተመኝቶ ያጣውን ውበት ሶፍትዌሩ ጉድለት መስሎት ደፍኖታል።

«ቦታውን አልለቀቀም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ቆሻሻ ነው ብዬ ያለፍኩት።»

በሚቀጥሉት ቀናት የሠርግ ሥራዋን ሁሉ ትታ ያንን ፊት ሠራች። ያለ ግምት፣ በራሷ መንገድ፣ ከእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያለውን ሥዕል ሁሉ እየደራረበች። ደብዛዛ ነው፤ ግን ገመቹ ነው፣ ፍንጭቱም አለ። ይዛው ወደ አቶ ቶሎሳ ሄደች። ሰውየው አልተቆጡም። «አሁን ምን ብለን ነው የምንቀይረው?» አሏት። «ያለቀስሽው የሌላ ሰው ፊት እያየሽ ነው ልንላት ነው? እስኪ አርባው ይውጣ።» አርባው ሲወጣ ሄደች። «ሙት ዓመቱ ይለፍ» አሏት። እሷም እያደረች ትጠብቃለች።

እኔ ተዪው ብያታለሁ። ሰው ሐዘኑን እየረሳ ነው፣ ቁስል አትነካኪ ብያታለሁ። «ያንተ እናት ቢሆኑ ትተወው ነበር?» አለችኝ። የእኔ እናት ቢሆኑ ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

ሥራዋ ግን ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ፊት ያለበትን ሥዕል ሁሉ ለመጨረሻ ታቆያለች። የአንዲትን ሙሽራ ፈገግታ ለማጥራት ተቀምጣ ሳትነካው ታመሻለች። ሙሽሮች ሲቆጡ፣ ጋሽ ግርማም ሲለምን ሲቆጣ ዓመት ሞላ። ስኳሩም የዚያን ሰሞን በረታባት። አንድ ቀን እህቷ ዘንድ ሆሳዕና ልሄድ ነው አለችና ዕቃዋን ሰበሰበች። ከመሄዷ በፊት ግን «ሳሚ፣ ላፍቶ ሸኘኝ» አለችኝ። ሙት ዓመቱ አልፎ ነበር። አቶ ቶሎሳን አላስፈቀደችም።

አዴ ዲሪቤ በደስታ ተቀበሉን። ለለቅሶው ፎቶውን የሠራችላቸው ልጅ መሆኗን ሰምተዋል፤ እርጎ አቀረቡ፣ ብሉ ጠጡ አሉ። ከአልጋቸው በላይ ያ ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። ጥርሱ ያበራል። «ጠዋት ስነሳ እሱን ነው የማየው፣ ስተኛም እሱን» አሉን። «እድሜ ላንቺ። በሕልሜ ሲመጣ እንኳ ልክ እንደዚሁ ሆኖ ነው የሚመጣው።»

አስካለ የእርጎውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አዴ፣ ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ፍንጭቱስ ብለው ነበር።»

«እኔ?» አሉ። «የምን ፍንጭት?»

ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ ከፈተችላቸው። ፊቱን ብቻ አቅርባ ቆርጣዋለች፤ ሙሽራዋም ሠርገኛውም አይታይም። ልጁ በዝግታ ያጨበጭባል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ ይስቃል፣ ፍንጭቱ ብቅ ይላል። አዴ ዲሪቤ ፈገግ አሉ። ድገሚው አሏት፤ ደገመችው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ አሁን ያለቅሳሉ ብዬ።

«ጥርሱን ይዩት፣ አዴ» አለች አስካለ።

እሳቸውም ስክሪኑን አዩ፣ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ። «ፍንጭቱ ያምራል» አሉ። «የእኔ ልጅ ግን ጥርሱ ግጥም ያለ ነበር።»

አስካለን ለማየት ድፍረት አጣሁ። የሙሽራዋን እጅ ያወቁት እናት ትዝ አሉኝ፤ እናት ታውቃለች ብላ የተከራከረችው ይህችው ሴት ናት። አፌን ከፍቼ እሱ እኮ ነው፣ የእርስዎ ገመቹ እኮ ነው ልል ነበር። አስካለ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ።

አዴ ዲሪቤ ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ ቀስ አድርገው መለሱላት። ፊቷን ሲያዩት አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ እጇን ያዙ።

«ተሳስተሽ ነው፣ ልጄ፤ አይክፋሽ» አሉ። «የዚህኛው ልጅ እናት የሆነ ቦታ ትኖራለች። ፈልጊና አሳዪያት። ልጇን እንዲህ ሲስቅ ብታየው ምን ያህል ደስ ይላት ይሆን?»

«እሺ አዴ» አለች አስካለ። «እፈልጋታለሁ።»